ጥቁር ክር

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ጣልያን በሠራው በረንዳ ሥር፣
ለጋሽ አዛናው አንድ መኪና፣ ለእኔ አንድ በርጩማ ነበር
ድርሻችን ከዚህች ምድር።

ጠዋት ፔዳሉ ሲንኳኳ፣ መቀሱ ሲመልስለት፣
የአዘዞ ወታደር መጥቶ ሱሪውን ያሳጥርበት፣
የማራኪ ተማሪ መጥታ ቀሚሷን ታስጠብብበት።
ሽሮው ከሆድ ከገባ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ፣
ጥላችን ከጫማችን ሥር ሲገባ፣ ልክ ሰባት ሲሞላ፣
«ጥቁር ክር አልቋል» ይለኛል፣ ሳንቲሙን እየቆጠረ፣
«ቅዳሜ ገበያ ውረድ። ቀስ በል፤ ፀሐዩ ከረረ።»
እወርዳለሁ፤ እመጣለሁ፤ ክሩ መሳቢያ ይገባል።
ነገ ያው ሰባት ሰዓት ላይ ጥቁር ክር ደግሞ ያልቃል።
ያኔ የማውቀው አዝራር ነው፤ የሰው ነገር አይገባኝም፤
ሳምንቱን ግራጫ ስንሰፋ ጥቁሩ ለምን እንደሚያልቅ
አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

ደግሞስ ማን ይተኛል ቀን?
በኛ ሰፈር ቀን የተጋደመ ወይ ታሟል፣ ወይ ከስሯል፤
ጎረቤት ብርቱካን ይዞ «ምነው፣ ምን ነካው?» ይላል።
እናቴማ ይብስባታል፤ ሸለብ ካደረገኝ በቀን፣
ውሃ ፊቴ ላይ ትረጫለች፣ «ይለክፍሃል የቀትር ጋኔን!»

ከጎናችን ሐጂ ሙዘይን ግን፣ ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ፣
በብረት ድስቶቹ መሐል ጋደም ነው፣ ጋቢ እየለበሱ።
ገበያተኛ ቢያንኳኳ፣ ድስት ቢመታ፣ ቢያስነጥስ፣
ሐጂ እቴ! እስኪበቃቸው ማን ብሎ ማን ሊቀሰቅስ!
«ቀይሉላ ሱና ነው ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን ሲነሡ፣
«ቀን የማያርፍ ሸይጣን ነው፤ አንተ አትሁን እንደ እሱ።»

ታዲያ እኔ፣ ያሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ በሁለት ሰይጣን መካከል፤
አንዱ የተኛን ይለክፋል፣ አንዱ እንቅልፍ የሚባል
አያውቅም፤ ከየትኛው ልከለል?

አስጎብኚው ደግሞ ያልፋል፣ ፈረንጅ አስከትሎ ከኋላ፣
«ከግብር ሲነሡ ንጉሡ ያርፉ ነበር» ይላል፣ «በዚያ ጥላ»።
ንጉሥ ቢጋደም ታሪክ ነው፣ ቲኬት ይቆረጥለታል፤
ልብስ ሰፊ ቢጋደም ግን ሐሜት ይሰፋለታል።

አንድ የሰኔ ማክሰኞ፣
ክር ሻጩ ልቅሶ ሄዶ፣ ሱቁ ተከርችሞ አገኘሁ፤
በሄድኩበት እግሬ ዞሬ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣሁ።
መኪናው ዝም።
ከጠረጴዛው ሥር ብቻ ሁለት ባዶ እግር ተዘርግቷል፣
ጫማው ጎን ለጎን ተሰድሮ፣ ካልሲው ውስጡ ተከቷል፤
ሜትሩ ካንገቱ ሳይወርድ፣ የሙሽራ ኮት ተንተርሶ፣
አፉ ገርበብ፣ ፊቱ ልስልስ፤
ሕፃን መስሎ፣ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ።

አንድ ዓይኑን ገለጠ።
«ልኬት እያሰብኩ ነው» አለኝ፣
ጉንጩ ላይ የኮቱ አዝራር አራት ቀዳዳ አትሞበት።
«ክሩስ?»
«ዘግተዋል።»
«ሌላ ጋ ፈልግ» አለኝ፣ ዓይኑ መልሶ እየተከደነበት።

ከዚያ ወዲህ ተማርኩ፤ ረዥሙን መንገድ ማወቅ፣
በማልገዛው ክር መከራከር፣ በቆመ ባጃጅ መደነቅ፣
ጉሮሮ ጠርጎ ከደጅ፣ ስምንት ሊሆን ሲል መዝለቅ።
ያችን ማክሰኞ እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ።

ባለፈው ጥር ቀበርነው።
መኪናውን ልጆቹ ሰጡኝ። መሳቢያው ስጎትተው እምቢ አለ፤
ስታገለው ተፈነቀለ፦
ጥቁር ክር፣ ጥቁር ክር፣ ከነወረቀቱ የተከመረ፣
መርፌ ያላወቀው፣ ጨርቅ ላይ ያልተሞከረ።
ሁለት መቶ አሥር ደርሼ ተውኩት፤ የቀረው እንደነበረ።

ሰው የገዛ እንቅልፉን፣ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣
እንደ ሌባ ይኖራል ወይ፣ ከጨርቅ ሥር ተደብቆ፣ ፈርቶ?

እላለሁ እንጂ... አሁን በርጩማው ላይ ማንደፍሮ ተቀምጧል።
ሰባት ሰዓት ሲሞላ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።
«ልተኛ ነው» ማለት፣ ሁለት ቃል፣ ምላሴ ላይ ይከብዳል።

«ማንደፍሮ፣ ጥቁር ክር...»
ሳቁን ዋጥ አድርጎ ልጁ፣ መሳቢያውን ሰረቅ አድርጎ አየና፣
ብሩን ተቀበለ።
ወጣ፣ በሩን ገርበብ አድርጎልኝ፤ ቀስ ብሎ፣ በረዥሙ ጎዳና።